ለዳኘው ዓሦች አሸዋ ፍለጋ

ሰኞ

ሰማያዊዎቹን ዓሦች አልወስድም። ተቆርጧል። ዛሬ ሁለት ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ሦስተኛ አይኖርም።

ዳኘው ወንድሜ ከባሕር ዳር ደውሎ ሳቀብኝ። የዓሣ ማኖሪያ መስታወትሽ ስንት ጀሪካን ውኃ ይይዛል ሲለኝ ሦስት አልኩት። እዚያ ውስጥ ሰማያዊና ቢጫ ከከተትሽ በሳምንቱ አንዱ ሌላውን ይጨርሰዋል፣ ሲክሊድ የሚባለው የአፍሪካ ዓሣ መልኩ እንጂ ጠባዩ አያምርም አለ። ለጠባብ ቤት የሚሆኑት ከታንጋኒካ ሐይቅ ዘር የሆኑት አመዳማዎቹ ናቸው። ከጣቴ አይበልጡም። ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ይኖራሉ፣ አሸዋ ይቆፍራሉ። አምስት አሉት፤ አምስቱንም ይልክልኛል። ሰማያዊዎቹን ለጓደኛው ሰጥቷቸዋል።

«አደራሽን፣ እታለም» አለኝ ስልኩን ሊዘጋ ሲል። ያኔ አልሳቀም።

ለእማዬ የነገርኳት፦ ለአንድ ወር ሥልጠና አዲስ አበባ ይሄዳል። እውነቱ፦ አርብ ጠዋት ሆዱ ይከፈታል። እጢ ነው። ምን ዓይነት እንደሆነ ሳያወጡት አይታወቅም ብለውታል። እማዬ ደም ግፊት አለባት፣ አትንገሪያት ብሎ አስምሎኛል።

የሚያስፈልገኝ፦ ደቃቅ አሸዋ (ጠጠር ከሆነ መቆፈር አይችሉም)። የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ አሥር ያህል። አየር መንፊያ፣ እሱ ይልካል። ድፍረት፣ ከየት እንደሚመጣ እንጃ።

ማክሰኞ

ሦስት ዓይነት አሸዋ በሦስት ጣሳ አሰለፍኩ። ቀዩ ከግንበኞች የለመንኩት ነው፤ ጠጠር ይበዛበታል። ጥቁሩ ከወንዛችን ነው፤ ደቃቅ ነው፣ ግን ዳኘው እንዳለው ሎሚ ስጨምቅበት ዝም አለ። ነጣ ያለው ሰዎች ከስማዳ ቆላ በአህያ ያመጡት ነው። ሎሚው ሲነካው ፈላ። ኖራ አለበት ማለት ነው፤ እነዚህ ዓሦች ደግሞ ኖራ ያለበት ውኃ ይወዳሉ። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገዛሁ። ባለ አህያው ለግድግዳ ነው ሲለኝ ለዓሣ አልኩት። እግዜር ይማርሽ አለኝ።

ቅርፊቱን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው የድንጋይ እርከን ሥር ለቀምኩ። የአሥረኛ ክፍል ልጆች በመስኮት እያዩ ተሳሳቁ። የባዮሎጂ መምህርት ስለሆንኩ ለትምህርት መስሏቸው ይሆናል።

አንድ ነገር ከእኔ አልወጣ አለ፤ እጽፈዋለሁ። እነዚህ ዓሦች ከሞቱ ዳኘውም አይተርፍም የሚል። የተማርኩ ሰው ነኝ እኮ! ክፍል ገብቼ ገድ የሚባል ነገር የለም ብዬ የምሰብክ። ግን አለ፣ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ስመለስ አሸዋው ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። እማዬ አጥባዋለች። ያን የሚያክል ማዳበሪያ ብቻዋን፣ በዚያ ወገቧ! ማኛ ጤፍ መስሎ ነጥቷል። የልጄ አደራ ከነጭቃው አይቀመጥም አለችኝ። አቀፍኳት። ሌላ ምንም አልጠየቅኳት።

አሸዋውን ሦስት ጣት ያህል አነጠፍኩ፣ ቅርፊቶቹን በተንኩ፣ ውኃ ሞላሁ። ላዩ አረፋ ሠራ። ከላይ ስላንደቀደቅኩት ነው ብዬ በጭልፋ ገፈፍኩት። መስታወቱ ያምራል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቴ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ሐሙስ

መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ከዚያ ተከፍቷል ተባለ። ከዚያ እስከ ደብረ ታቦር ብቻ ነው ተባለ። መናኸሪያው ላይ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ቆሜ ጸሎቴን ስደጋግም ሚኒባሱ ደረሰ። ሹፌሩ ሳጥኑን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ አወረደልኝ። ከዚያ ገለጥ አድርጎ አይቶ፣ ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ጉርሻ ለማይበቃ ዓሣ ነው ወይ አለኝ።

አምስቱም በሕይወት ነበሩ። ዳኘው ስልክ ደወለ።

«ደረሱ?»

«ደረሱ።»

«አምስቱም?»

«አምስቱም።»

ከነላስቲካቸው ውኃው ላይ ግማሽ ሰዓት አቆየኋቸው፣ እንዳስተማረኝ። ለቀቅኳቸው። ሁለቱ ወዲያው ቅርፊት ውስጥ ገቡ። እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ሁሉም ወደ ላይ ወጡ። አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። ስንጥባቸው፣ ያ የሚተነፍሱበት፣ ይርገበገባል። አንዱ በጎኑ ተኛ። አየር መንፊያው ይሠራል። ውኃው ለብ ያለ ነው። ምን አጠፋሁ? አፍንጫዬን ወደ ውኃው አስጠጋሁ።

ያንን ሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለጥምቀት የምንለብሰው ነጠላ ሲታጠብ ግቢያችን የሚሸተው ነው።

«እማዬ፣ አሸዋውን በምን አጠብሽው?»

«በእንዶድ ነዋ። ሦስት ጊዜ። በምን ላጥበው ኖሯል?»

በየዓመቱ ጠመኔ ይዤ አስተምራለሁ፦ እንዶድ የወንዝ ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ ዓሣም አይምርም። በየዓመቱ! የገዛ ቤቴ አሸዋ በአንድ ቀን ሲነጣ ግን በምን ነጣ ብዬ አልጠየቅኩም።

እየጮህኩ ወደ ባልዲ አዛወርኳቸው። ጀሪካን ውስጥ ያደረ ንጹሕ ውኃ ነበረኝ፣ ተመስገን። ሦስቱ መዋኘት ጀመሩ። ሁለቱ አልነቁም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ትጠርጋለች። ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቷል። ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፍም።

ለዳኘው መልሼ አልደወልኩም። ጠዋት የሚታረድ ሰው ምን ይባላል? ታረድ አልኩ ደግሞ፣ አፌን ይቁረጠው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አምስት ነበሩ፣ ሁለቱ ሄዱ።

አርብ

መብራት ከንጋት ጀምሮ የለም። ኔትወርክም የለም። አየር መንፊያው ቆመ። ዳኘው ቀዶ ጥገና የሚገባው በሦስት ሰዓት ነው።

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ቀረሁ። ባልዲው አጠገብ ተቀምጬ በጣሳ ውኃውን እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አንቆረቁራለሁ። እንዲህ ሲሆን አየር ይገባበታል። እጄ ሲዝል እማዬ ጣሳውን ተቀበለችኝ። ከትናንት ጀምሮ አልተነጋገርንም። እሷ ስታንቆረቁር እኔ ሰዓቴን አያለሁ። እኔ ሳንቆረቁር እሷ በር በሩን ታያለች።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጣሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቀችኝ።

«ልጄ የሚገባው ስንት ሰዓት ነው?»

የት፣ ብዬ ልክድ አፌን ከፈትኩ። አየችኝ። ዘጋሁት።

«አሁን» አልኳት።

ማንም አልነገራትም። ለአንድ ወር የሚሄድ ሰው የቤቱን ቁልፍ ይሰጣል እንጂ ያሳደገውን ለዚህም ለዚያም አያከፋፍልም አለችኝ። አንቺም ከሰኞ ጀምሮ ወጥ ውስጥ ጨው ሁለቴ ትጨምሪያለሽ አለችኝ። ለማርያም ጃንጥላ ተስላለች። አሸዋውን ያጠበችው ቢያንስ አንድ ነገር በእጄ ልሥራለት ብላ ነው፤ የክት ልብሱን በምታጥብበት፣ በምታውቀው ነገር።

እዚያው ባልዲው ላይ አለቀስን። ከዚያ ትናንት ያልኳትን ይቅር በይኝ አልኳት፣ እግሯን ይዤ። ውኃው ቆመ እኮ፣ ቅጅ አለችኝ።

ስድስት ሰዓት። ስምንት። ዐሥር። ስልኩ ዝም ብሏል። ሦስቱ ዓሦች አሉ። አንዷ ሳልጠቀምበት ተርፎ ባልዲው ውስጥ ያኖርኩት ቅርፊት ውስጥ ገብታለች፤ በሕይወት መኖሯንም አለመኖሯንም አላውቅም። ቅርፊቱን አንስቼ ማየት እችላለሁ። አልደፍርም።

ቅዳሜ

ጠዋት ኔትወርክ መጣ። ስልኩ ሲጮኽ ሁለታችንም ተያየን፣ ማናችንም አላነሳንም። ሊቋረጥ ሲል አነሳሁት። የዳኘው ጓደኛ ነው፣ ሰማያዊዎቹን የወሰደው። ወጥቷል አለኝ። ነቅቷል። እጢውን አውጥተውታል፣ ለምርመራ ተልኳል፣ ውጤቱ ጊዜ ይወስዳል። ሊያናግርሽ ይፈልጋል አለኝ።

ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። መጀመሪያ የጠየቀው፦

«አምስቱም አሉ?»

አሉ ልለው ነበር። እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ሁለቱን በእንዶድ ገደልኳቸው፣ ልጄ። እኔ ነኝ። ሦስቱን ግን ይዘንልሃል።»

ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ። እሷ መኖሯ፣ ማወቋ፣ እንዶዱ፣ የቱ ቀድሞ እንደገባው አላውቅም። ከዚያ ሳቅ ሰማሁ፣ የተቆራረጠ። እማዬ ሆይ፣ አታስቂኝ፣ ስፌቱን ይስበዋል ይላል። እሷም እያለቀሰች አላስቅህም፣ አላስቅህም ትላለች።

ውጤቱ ገና ነው። ፍርሃቴ አልሄደም፤ ግን አሁን ሁለት ሆነን ነው የምንፈራው። መብራት መጥቷል። ያቺ ከቅርፊቱ ጭንቅላቷን አውጥታለች።

ስማዳዎቹ ለሚመጣው ገበያ ሌላ አሸዋ እንዲያመጡልኝ ላክሁባቸው። እማዬ እሱንም እኔው አጥበዋለሁ አለች። በውኃ ብቻ።