ሰዓት የሌላት ኳስ

ታዴዬ፣ የኔ ጯሂ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው በጋ ተጋመሰ። ሳልጽፍልህ የቆየሁት አኩርፌ አይደለም፤ የምነግርህ ደስ የሚል ነገር እስኪገኝ ብዬ ነው። ተገኘልህ! ቅዳሜ አሸነፍን። ዋንጫው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቁጭ ብሏል። አላየውም እንጂ ስንቴ እንደዳበስኩት አትጠይቀኝ።

ቤቱ ትንሽ ተለውጧል። ልጃችን ሜሮን ከግሪንቤልት ተመልሳ አብራኝ ናት። ታክሲህን አልሸጥናትም፤ እሷ ትነዳታለች፣ ካንተ ቀስ ብላ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሶፋው ላይ ያንተን ቦታ እንግዳ እንዳይቀመጥበት እኔ ቀድሜ እይዘዋለሁ።

ዓይኔ ጠፍቶ ከቤት አልወጣም ያልኩ ጊዜ እየጎተትክ አሌክሳንድሪያ ሣር ሜዳ ያደረስከኝ አንተ ነህ። ዓይነ ስውራን ኳስ አንከባለው ትንሿን ነጭ ኳስ ለመጠጋት የሚፎካከሩበት ጨዋታ አለ ስትለኝ ስቄብህ ነበር። ከዚያ አንተ ትንሿ ኳስ አጠገብ ቆመህ፣ የኔ ኳስ የት እንዳረፈች በሰዓት ትጠራልኝ ጀመር፤ ትንሿ ኳስ የሰዓቱ መሃል ናት። የሌሎቹ ተጫዋቾች መሪዎች በአሜሪካ ሰዓት ሲጠሩ አንተ በሐበሻ። ከትንሿ ኳስ አልፎ ማዶ ያለውን እነሱ አስራ ሁለት ሲሉ አንተ ስድስት ሰዓት ትላለህ፤ አጥሮ በኔ በኩል የቀረውን ደግሞ አስራ ሁለት። ስንት ዓመት ታክሲ ነድተህ የእጅ ሰዓትህንም እንደዚያው ነበር የምታነበው። ኳሴ ትንሿን ነክታ ስትቆም ደግሞ «ሰዓት የላትም!» እያልክ ሜዳውን ታናውጠው ነበር።

ካንተ በኋላ ሜሮን መሪሽ እሆናለሁ አለችኝ። በመጀመሪያው ግጥሚያ ተዋረድን። «ማሚ፣ ስድስት ሰዓት!» ትለኛለች፤ አለፈች ማለቷ ነው ብዬ ኃይሌን እቀንሳለሁ። እንደገና ስድስት፤ እኔም እንደገና እቀንሳለሁ። የመጨረሻዋማ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች። ልጅቷ ሐዘን ጉልበቴን የጨረሰው መስሏት አለቀሰች። እኔም ያለ ታዴ አይሆንልኝም፣ በቃኝ አልኩ። ከልቤ ነበር፤ የመጫወቻ ጫማዬን ለሰው ልሰጥ ነበር።

የገባን መኪና ውስጥ ነው። «ማሚ፣ ሁሌም ሾርት ነበርሽ እኮ፣ ኳሷ አትደርስም ነበር!» ስትለኝ፣ ያባትሽ ስድስት ሰዓት ማዶ ነው አልኳት። ሳቅ መንዳት ከልክሏት መንገድ ዳር አቆመች። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። የአሜሪካውን ልልመድ ብላት፣ «ኖ ዌይ! የአባዬን እማራለሁ» አለች። የብርዱን ወራት በሙሉ ሳሎን ውስጥ ብርቱካን ስናንከባልል ከረምን።

ቅዳሜ በፍጻሜው እኩል ደርሰን አንዲት ኳስ ቀረችኝ። የተጋጣሚያችን ኳስ ትንሿ አጠገብ ተቀምጣለች። ሜሮን፣ «ማሚ፣ የሷ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናት፣ ሦስት ሰዓት ክፍት ነው» አለችኝ። ባንተ ሰዓት ግራው ክፍት ነው ማለት ነው። ለአፍታም አላመነታሁም። ኳሷ ስትንከባለል ወደ የትኛው ጎን እንደምትታጠፍ ጎኗ ላይ ያለውን ምልክት በአውራ ጣቴ ዳብሼ አረጋግጬ ለቀቅኋት።

ከዚያ ዝም። ያ ዝምታ እንዴት እንደሚረዝም አንተ አታውቀውም፤ አንተ ታይ ነበር። ድንገት ሜሮን ልክ እንዳንተ «ሰዓት የላትም!» ብላ አምባረቀች። ታዴዬ፣ ይህቺን እኔ አላስተማርኳትም። ያኔ ሜዳው ዳር ስልኳን ስትነካካ የማትሰማን ይመስለን አልነበር? ሁሉንም ሰምታሃለች። እልልታዬን አሌክሳንድሪያ በሙሉ ሳይሰማው አይቀርም።

አልረሳህም ማለት ለማንም ቀላል ነው። እኔ ሜዳ ላይ መቆም እስከቻልኩ ድረስ በሌላ ሰው ሰዓት አልጫወትም። እሑድ ዋንጫውን ይዘን መቃብርህ ዘንድ እንመጣለን። ሜሮን ድንጋይህ አጠገብ ታስቀምጠውና የት እንዳለ ትጠራልኛለች፣ ባንተው ሰዓት።

ያንተው አልማዝ