ሁምቦ ያበጡት ባትሪዎች

ረቡዕ፣ የካቲት 18

የፈራሁት አልቀረም። ዛሬ መብራት ሲጠፋ ቆላው ሁምቦ ያለው የኢንተርኔት ታወራችን አብሮ ጠፋ። ሄጄ ሳይ መጠባበቂያ ባትሪዎቹ ኩፍ እንዳለ ሊጥ አብጠዋል። ጥበቃው ጋሽ ዳና ክፍሉን ለማቀዝቀዝ ብሎ ወለሉ ላይ ውኃ ያርከፈክፋል። «ምን ላርግ ልጄ፣ ምድጃ ሆነ እኮ!» አለኝ።

ባትሪዎቹን ስንመርጥ አፌ እስኪደርቅ ተናግሬ ነበር። እነዚህ ሙቀት አይችሉም፤ ወይ የሚችሉትን እንግዛ፣ ወይ ለባትሪ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ይግባለት ብዬ። ሥራ አስኪያጃችን ግን እዚህ ሶዶ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር፣ በጠዋት ብርድ አስሞከራቸውና «ይኸው ሠራ! ሁምቦ ሌላ አገር ነው እንዴ?» አለኝ። ማቀዝቀዣውን እንኳ እሺ ብሎ አስገዝቶ ነበር። ሁምቦ ግን አልደረሰም።

ሶዶ ስመለስ ደሜ እንደፈላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ለሁምቦ የተገዛው ማቀዝቀዣ የእሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሱ ከሥሩ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል። ስለ ባትሪዎቹ ነገርኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«ለበዴሳው ታወርም ያንኑ ባትሪ ነው የምናስገባው» አለኝ። «ስትወጣ በሩን ዝጋው፣ ይበርዳል።»