የጠየቅሽኝ ሰነድ

ጎንደር፣ ፀዳ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸሎት፣

ከኖርዌይ ብርድ እመቤቴ ትጋርድሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ኔትወርክ ስለተቋረጠ ሰነዱን በስልክ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ያልሽውን ማድረግ አልቻልኩም። የጎረቤታችን የባምላክ እህት ሰኞ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዛልኝ ሄዳ በፖስታ ትልክልሻለች።

አዎ፣ ለዶክተርነት ጥናትሽ የፈለግሽው ሰነድ ተገኝቷል። ቀላል እንዳይመስልሽ። "የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ" ብለሽ የጻፍሽልኝን ይዤ አራዳ ካለው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው አሉኝ። ስመለስም ስብሰባ ናቸው። ሲሰለቸኝ ጌትነት የሚባል ወጣት ሠራተኛ አገኘሁ። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው አለኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣ ግን የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል አለ። ከየት ብለው፣

"ጥናቱን ከሚያሠራው ተቋም ነዋ፣ እማማ" አለኝ።

ያንቺ ተቋም ባሕር ማዶ ነው። እኔ ያለኝ ተቋም እድር ነው። የእድራችን ሰብሳቢ አያ በላቸው ደብዳቤውን እየጻፈልኝ፣ "ወለላ፣ በዚህ ዕድሜሽ ዶክተር ልትሆኚ ነው?" ብሎ አሾፈብኝ። ጌትነት ማኅተሙን አየ እንጂ ጽሑፉን አላነበበውም። ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሰጠኝ። ሸጋ ልጅ ነው፣ አልዋሽም።

ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነውና ቀስ እያልኩ ነው የማነበው። እንግሊዝኛውን ዘለልኩት። አማርኛው አዲ አርቃይ ስላለው የድሮ ቀያችን ነው፤ ድንጋይ ማውጫው ከመከፈቱ በፊት የተጻፈ። አቧራው መጠነኛ ነው ይላል። የአባትሽን ሳል በስልክ ትሰሚው ነበር። ፍንዳታው ቤት አይጎዳም ይላል። ግድግዳችን ሲሰነጠቅ ይህን የጻፈው ሰው የት እንደነበረ እንጃ። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ "ነዋሪዎች በሙሉ ተጠይቀው ተስማምተዋል" ይላል። እዚያው ነበርኩ። ሊጠይቀኝ ደጄን የረገጠ የለም።

አሁን የማይጥምሽን ልናገር። ምነው ጸሎት፣ በጻፍሽልኝ ቁጥር ሰነዱን ጠየቅሽ፣ ገጹን ጠየቅሽ፣ ዓመተ ምሕረቱን ጠየቅሽ። አባትሽን ቀብሬ ያንን ቤት ዘግቼ ስወጣ እንዴት እንደነበር ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽኝም። ለቢሮዎቹስ ባዳ ነኝ። ላንቺም?

ወረቀቱን ላስቀረው ነበር። ከፈለገችው መጥታ ትውሰድ ብዬ መሶብ ሥር ሸጉጬው ከረምኩ። በኋላ ትምህርትሽ እንዳይቆም ፈራሁ። ደግሞም ደከመኝ፤ ቂም መያዝም ጉልበት ይፈልጋል።

ብቻ የመጨረሻው ገጽ ጀርባው ባዶ ነበርና የሆነውን ሁሉ በእጄ ጽፌበታለሁ። ፊደሌ ጠማማ ነው፣ ማኅተምም የለበትም። ለጥናትሽ ይጥቀም አይጥቀም አላውቅም። አንቺ ግን መጀመሪያ እሱን አንብቢው።

መውጫ መግቢያሽን ያሳምርልሽ፤ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። ያልገባሽ ነገር ካለ እዚሁ ነኝ።

እናትሽ
ወለላ