ወደ ውጭ የሚከፈት በር

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ ዛሬም እየደበቅከን ነው? ሚስትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ደህና ነን። ናፍቆትህ ግን አልለቀቀንም።

የላክኸው የአዲሱ ቤት ፕላን ደርሶናል፤ እጅህ ይባረክ፣ ያምራል። መታጠቢያ ቤቱን ግን እንዳልከው አላሠራሁትም። አትቆጣ፤ ብትቆጣም አላሠራውም። እንግዳ እንዲያየው ብለህ ሳሎኑ ጥግ አድርገህ ትልቅ ገንዳ አስገብተህበት፣ ከእማዬ መኝታ በረጅም ኮሪደር አራርቀኸዋል። እማዬ ስዕሉን አይታ "በግ ልታጥቡበት ነው?" አለች። የገንዳውን ጠርዝ ተራምዳ ትገባለች ብለህ ካሰብክ ጉልበቷን ረስተኸዋል።

በስልክ ያልነገርንህ ነገር አለ። በክረምቱ፣ እዚህ በተከራየነው ቤት፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ወደቀች። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ እሷ የወደቀችው ደግሞ እዚያው በሩ ሥር። ብገፋው እሷን መጨፍለቅ ነው፣ ካልገፋሁት መግቢያ የለኝም። ጎረቤታችን አናጺው መጥቶ በሩን ከነመቃኑ እስኪነቅል ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ጭራሽ እሷ ከውስጥ ሆና እኔን ታባብለኛለች። ለአንተ እንዳልነግር አስምላኝ ነበር፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሽንት እንዳይመጣባት ብላ ከምሳ በኋላ ውሃ አትጠጣም። ሐኪሙ ጠጪ ይላታል፣ እሺ ትለዋለች፣ ከዚያ ብርጭቆውን ዞር ብላ አበባው ላይ ትደፋዋለች።

ስለዚህ አዲሱ መታጠቢያ ቤት ከአልጋዋ አጠገብ ይሆናል፣ ደፍ አይኖረውም፣ በሩም ወደ ውጭ ይከፈታል። በገንዳው ፋንታ ቁጭ ብላ የምትታጠብበት መቀመጫ ይገባል። አጎታችን መጥቶ ሽንት ቤት ከመኝታ ጎን ነውር ነው፣ ሰው ምን ይላል አለኝ። ሰው እማዬን ከወለል ላይ አያነሳልኝም አልኩት። ግንበኛው በበኩሉ በሩ ሲከፈት ኮሪደሩን ይዘጋል ብሎ ተከራከረኝ። ይዝጋው!

እማዬም ራሷ ለእኔ ብለሽ ቤቱን አታበላሺ ብላ አኩርፋኝ ነበር። ትናንት ግን እንደምንም አግባብቼ ወደ አዲሱ ቤት ወሰድኳት። ግንበኛው ይዛ የምትነሳበትን የግድግዳ ብረት ልክ ሲያወጣ ከፍ ብሏል አለችው። ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች፤ ልትነሳ እጇን ስትዘረጋ እርጥቡ ልስን ላይ መዳፏ ታተመ። "እዚህ ነው" አለች። ግንበኛው ሊደፍነው ሲል እጁን ያዝኩት። ብረቱ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ቤት ስንመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ውሃ ስጪኝ አለችና አበባው አጠገብ ቆማ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። አጎታችን ኩርፊያውን ባይጨርስም ሰላም ብሎሃል። ሚስትህን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ትልቋን ሳምልኝ፣ ድንቡሼንም ጉንጩን ቆንጥጥልኝ። አንተም ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ በሩ ከመታህ ግንባርህን እያሸህ እለፍ። ወደ ውስጥ አላዞረውም።

እህትህ
ከተከራየነው ቤት፣ ጥር 9 ቀን