እህትህን የካድኩበት ቀን

ለውድ ልጄ ሊኸንግ፣

እንደምን ሰንብተሃል ልጄ? ወገብህን የሚያምህስ ተሻለህ? በፓናማ ዝናቡ አላባራ ብሎ ውሃው ሱቅህ ደጃፍ ድረስ መጣ ብለኸኝ ነበር፤ ጎደለ? ሜይፋንግስ ደህና ናት? የልጅ ልጄ የቶንግቶንግ ጥርስ ወለቀ ወይስ ገና ይነቃነቃል? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ከሥራዬ አላስቀረኝም።

ወረቀት የያዝኩት በስልክ ፊትህን እያየሁ የማልናገረው ነገር ስላለኝ ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ የቆመች እጅ ቀርፋፋ ናት፤ ይህችን ለመጻፍ ሦስት እሁድ ፈጅቶብኛል። ታግሰህ አንብብልኝ።

ሁልጊዜ ስለ አየር ማረፊያው ትጠይቀኛለህ፤ ከእሱ ልጀምር። ሦስተኛው ተርሚናል ተከፍቷል። አምስተኛው መንደርደሪያም አውሮፕላን ማሳረፍ ጀምሯል። አንተ መጀመሪያ ስትሄድ ያለው አንድ ተርሚናል ብቻ ነበር፤ እሱን አይተን ነበር አፋችንን የከፈትነው። የሊቺ ፍሬ ዛፎቻችን የነበሩበት ቦታ ዛሬ ሻንጣ እየዞረ የሚመጣበት አዳራሽ ሆኗል። ሰባተኛ አጎትህን ወስጄ ባሳየው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመና፣ «ስልሳ ዓመት አርሼው ለሆዴ እንኳ አላበቀለልኝም፤ አሁን በየደቂቃው አውሮፕላን ያበቅላል። ለካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!» ብሎ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀ። ወለሉ ራሱ ሰው ተሸክሞ ይሄዳል። የፈላ ውሃ የሚቀዳበት ቧንቧ በየጥጉ አለ፤ ለደከመው መተኛ፣ ለሚጸልየው መጸለያ አለው። እኔ የምሠራው በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነው። ሕፃናቱ የሚለወጡበትን ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣ ወለሉን እጠርጋለሁ።

ባለፈው ወር እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ እግር የሕፃን ጫማ አገኘሁ። እኔ ብሆን እጥለው ነበር፤ ደንብ ነውና ወደ ጠፉ ዕቃዎች ክፍል ወሰድኩት። ልጅቷ ቁጥር ለጠፈችበት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተገኘበትን ቦታ ጻፈች። «ለአንድ እግር ጫማ ይህ ሁሉ ድካም?» ብላት፣ «አክስቴ፣ ይሄኔ አንድ ሰው ይፈልገው ይሆናላ! ግን ለመጣው ሁሉ አንሰጥም፤ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ የነገረን ነው የሚወስደው» አለችኝ። ልጄ፣ እዚያው በቆምኩበት እህትህ ትዝ አለችኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት ለአዲሱ መንደርደሪያ ተብሎ የመንደራችን መቃብሮች ሲነሱ፣ «እማ፣ ሁሉም ተነሱ? እሷም?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። «ሁሉም ተነስተዋል፤ እሷም ከአባትህ ጎን ናት» አልኩህ። ዋሽቼህ ነው። እህትህ ከአባትህ ጎን የለችም።

የሆነው እንዲህ ነው። የዘራችን አባቶች በሚታሰቡበት አዳራሽ የመንደሩ ጸሐፊ ጠረጴዛ አውጥቶ በየቤቱ እየጠራ መቃብር ይመዘግባል። ተራዬ ሲደርስ ቅድመ አያትህን፣ አያቶችህን፣ አባትህን አስመዘገብኩ። «ሌላስ እትዬ?» አለኝ። ከኋላዬ የሜይፋንግ አክስት ቆማለች። ስለ ጋብቻችሁ ሽማግሌ የላክነው በዚያው ሳምንት ነው። ሳታገባ በልጅነቷ የሞተች ሴት ልጅ ያለችበትን ቤት ሰው እንዴት እንደሚያየው ታውቃለህ፤ «እድሜ የማይበረክትበት ቤት» ይሉታል። ምላሴ ቀደመኝ። «የለም፣ ይኸው ነው» አልኩ። ጸሐፊው ከስማችን ሥር መስመር አሰመረ። ሰባተኛ አጎትህ ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ። ለአንተ ብዬ ነው ልልህ እችል ነበር፤ አልልም። የካደው የእኔ አፍ ነው።

ሠርጉ ይለፍና አስተካክላለሁ አልኩ። ሠርጉ ሳያልፍ አጥሩ ታጠረ፣ ማሽኑ ገባ። በየዓመቱ በመቃብር መጥረጊያ በዓል «የኦቾሎኒ ከረሜላ አስቀምጪላት» ትለኛለህ። አስቀምጣለሁ፤ ግን አባትህ ፊት ነው። ጥርሱ አልቆ ለሞተ ሰው ከረሜላ!

ከጫማው በኋላ ወደ መንደሩ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሠራተኛዋ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤት ያልቀረበላቸው አፅሞች በየጋኑ ተደርገው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በሕዝቡ መቃብር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። «ሦስቱ የልጆች ናቸው፤ አብሯቸው የተገኘውንም ጽፈናል። መጀመሪያ ግን እርስዎ ይንገሩን እማማ፣ ከልጅዎ ጋር ምን ተቀብሮ ነበር?» አለችኝ።

እናት ነኝ ብዬ ሄጄ «አላውቅም» አልኳት። ወላጅ ልጁን አይቀብርም፣ ነጭ ፀጉር ጥቁር ፀጉርን አይሸኝም ተብሎ እኔና አባትህ በር ተዘግቶብን ቀርተን ነበራ። የወሰዳችኋት አንተና ሟቹ አምስተኛ አጎትህ ናችሁ። እሷ አሥራ ሦስት፣ አንተ አሥራ ሰባት ዓመታችሁ ነበር። ስትመለስ እጅህ በጭቃ ተለውሷል። ውሃ አፈሰስኩልህ፤ ግን የት አኖራችኋት፣ ምን አለበሳችኋት ብዬ አንዲት ቃል አልጠየቅኩህም። ልጅ ሆነህ ያን ብቻህን እንድትሸከም ተውኩህ። ይቅር በለኝ።

አሁን ልጠይቅህ፤ የሚያውቀው ከአንተ በቀር የለም። ምን ለብሳ ነበር? በእጇ ምን አስያዝካት? ትንሽ ናት ብለህ ምንም አትተውብኝ፤ የልብስ ቁልፍም ብትሆን ጻፍልኝ። ልትቆጣኝ ከፈለግህም ተቆጣኝ፤ ችዬ አነበዋለሁ። ምንም አላኖርንም ካልክ እውነቱን ንገረኝ። ያኔ የሦስቱንም አቧራ እጠርጋለሁ፤ አንዷ የእኔ ናት፣ የሌሎቹም እናቶች እንደ እኔ አፋቸው የቀደማቸው ይሆናሉ።

ሜይፋንግን በጣም ሰላም በልልኝ፤ ደብዳቤውንም ሳትደብቅ አንብብላት። ሳልነግራት ወደ ቤቴ ያስገባኋት ልጅ ናትና የእሷንም ይቅርታ እለምናለሁ። አክስቷን ክፉ እንዳታስብባት፤ ሴትዮዋ ቆማ ነበር እንጂ ቃል አልወጣትም። ሰባተኛ አጎትህ፣ «ሳልሞት ና፤ ከሞትኩ ሻንጣህን ማን ይሸከምልሃል?» ብሎሃል። የቶንግቶንግን ሁለት ጉንጭ ሳምልኝ። አክስት እንደነበረችው ንገረው። በቤታችን ስሟ ከተጠራ ሃያ አንድ ዓመት ሆነው፤ ሊዩን ትባላለች በለው።

እናትህ

አዲሱ ሎንግቶንግ ሰፈር፣ ጓንጁ
ዲሴምበር 7 ቀን 2025