በቀሰም ላይ ስለተጠመጠመው አንቴና ለጓድ ሊቀመንበር

ለተከበሩ ጓድ ግዛቸው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ቀጨኔ፣ ዓርብ ጥቅምት 10 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉሮሮዎ? እኔን ከእደ ጥበብ ማኅበሩ ባባረሩበት ስብሰባ ላይ አብዝተው ስለጮኹ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። እኔ ሙሉእመቤት፣ ለሸማኔ ባሌ ማግ በሸምበቆ ቀሰም ላይ ሳጠነጥን ኖሬ ኋላ በማኅበሩ የሬዲዮ ጥገና ክፍል ሽቦ ጠምጣሚ የሆንኩት ሴት፣ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ ስላሳጡኝ ለመጻፍ ጊዜ አግኝቻለሁና ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የጥበቃ ጓዶች በእጃቸው የሚይዙት መገናኛ ሬዲዮ፣ ክንድ የሚያህለው አንቴናው በጠባቡ መንገዳችን በየቆርቆሮው ጠርዝ እየተጠለፈ ሲሰበር፣ መላ እንድፈልግ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ቀጭን የመዳብ ሽቦ እንደ ማግ በቀሰም ላይ ጠምጥሜ፣ የብስክሌት ከመነዳሪ ጎማ አልብሼ፣ ቁመቱን ወደ አንድ ስንዝር አወረድኩት። ዙሩ ሲበዛም ሲያንስም ድምፅ ስለሚጠፋ፣ ልኩን እስካገኝ ሁለት ወር ሙሉ ስፈታና ስጠመጥም ከረምኩ። ጥበቃው ገለታ ከቁስቋም የተናገረው ቀጨኔ ላይ ጥርት ብሎ ሲሰማ አልቅሻለሁ።

ሁለተኛ፣ ይህን የራስዎ ፈጠራ አድርገው ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሪፖርት በማቅረብ ከዝና ሸክም ስለገላገሉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የእኔ ነው ባልኩ ማግሥት አድኃሪ ተብዬ ተባረርኩ። እርስዎ ቀሰም ከምታጠነጥን ሴት ሳይንስ አይወጣም ሲሉ ያጨበጨቡትንም ሰዎች በስም ይዣቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ለነገው የፈጠራ ኤግዚቢሽን አሥራ ሁለት አንቴና ለማሠራት፣ የእኔን ፈትተው ዙሩን ሲቆጥሩ ሽቦው መሃል ላይ ተበጥሶ ቁጥሩ እንደጠፋብዎ ሰምቻለሁ። አዘንኩ ብዬ አልዋሽዎትም፤ ደስ ብሎኛል።

የምጠይቀው ሥራዬንና ስሜን ብቻ ነው። ይቅርታዎን ለራስዎ ያስቀምጡልኝ።

በጥልቅ አክብሮትና በማይበርድ ቂም እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።
ሙሉእመቤት ደቻሳ

ግልባጭ፦
ለቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ዕለት ባለቤትዎ ወይዘሮ አፀደ ቤቴ ድረስ መጥተው የዙሩን ቁጥር በትሕትና ስለጠየቁኝ፣ ሳላንገራግር ነግሬያቸዋለሁ። አሥራ ሁለቱም በዚያው ልክ ተጠምጥመው መጠናቀቃቸውን ስሰማ እፎይ አልኩ። የነገርኳቸው ቁጥር የእርስዎ ዕድሜ ነው፤ በመዝገብ ያስሞሉትን ሳይሆን እውነተኛውን። ትክክለኛውን የዙር ቁጥር በታሸገ ፖስታ ለኤግዚቢሽኑ ገምጋሚ ኮሚቴ አስረክቤያለሁ፤ ነገ በሕዝብ ፊት ፖስታውን ከመክፈታቸው በፊት ፈጣሪውን ስንት ዙር እንደሆነ ይጠይቃሉ።