አንድ በር ያለው ቤት

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ነጅመዲን፣ አሰላሙ አለይኩም። ይህ ወረቀት ሻሸመኔ ሲደርስ ሁላችሁንም በጤና ያግኛችሁ። የእናታችን ጉልበት እንዴት ነው? አንተንስ ያ ሳል ለቀቀህ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሆዴ ገፍቶ ጫማዬን ማየት ካቆምኩ ሰንብቻለሁ።

ስለ ቤታችን ጠይቀኸኝ ነበር። ሄሉ በሚባለው ሰፈር ዳር ያቆምነው ዕቃ የሚጫንበት ኮንቴነር ነው፤ ሳቅ፣ ሳቅ! ባሌ ሙደሲር ግን እጁ አይታማም። አልጋው ቀን ቀን ወደ ግድግዳው ይታጠፋል፤ ጠረጴዛው ሲዘረጋ እንበላበታለን፣ ሲነሳ መደርደሪያ ይሆናል። መስኮቷ ከደብተር አትሰፋም፣ እሷም ፍርግርግ አላት። በሩ ግን ያው የድሮው ነው፤ የሚቀረቀረው ከውጭ ብቻ።

ባለፈው ወር የሆነውን ልንገርህ። ሙደሲር በማለዳ ወደ ማርሳቢት ሊሄድ የሚሸጣቸውን የጨርቅ ጣቃዎች አወጣና፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ፣ እጁ እንደለመደው በሩን ቀርቅሮ ጋን ቁልፉን ቆለፈው። ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ካወጣ በኋላ መቆለፍ ነው ሥራው። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ስልኬ ለቻርጅ ጎረቤቴ ካልቶማ ሱቅ ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግድግዳው እጅ አላስነካ አለ። ብደበድብ፣ መንገደኛው ዕቃ የሚራገፍ እየመሰለው ያልፋል። እኩለ ቀን ላይ ካልቶማ ጩኸቴን ለይታ ባሏን ጠራች፤ እሱም ቁልፉን በመዶሻ ሰበረው። «ፖሌ እህቴ፣ ፖሌ»፣ በስዋሂሊ አይዞሽ ማለቷ ነው፣ እያለች ውሃ ታፈስስብኝ ነበር።

ሙደሲር ሲመለስ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሁለተኛ በር ይቆረጥ ስለው ግን አሻፈረኝ አለ። በር ሲበዛ ሌባ ይበዛል ይላል። ጭራሽ አዲስ ቁልፍ ገዝቶ፣ ይኼንንስ መዶሻም አይበግረው እያለ ለሰው ሁሉ ያሳያል።

ወንድሜ፣ ፈርቻለሁ። እናታችን ልታርሰኝ ትመጣለች፤ እሱ ደግሞ በዚያው ሰሞን ዕቃ ሊያመጣ ናይሮቢ ይወርዳል። እሷን፣ ሕፃኑንና እኔን እዚያ ውስጥ ሳስበን ላብ ያጠምቀኛል። አንተን ያከብራል፤ ደውልለት። በሩ ሳይቆረጥ እናታችንን አውቶቡስ ላይ እንዳታሳፍራት።

ባለቤትህን ኑርሀንን ሰላም በልልኝ፤ ትንሹን ሰሊምን ግንባሩን ሳምልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። አትምጪ ማለቴን ስትሰማ ታለቅሳለች፤ ታልቅስ።

እህትህ ሙጂባ
ሞያሌ፣ ኬንያ
የካቲት 6 ቀን 2017